የጀይሉ ሾርባ

«የወንድምሽን ሾርባ ለምንድን ነው የምትበዪበት?»

ጥያቄው የፈረንጇ ነበር፤ አማርኛው የሙሀመድኑር። እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። የቆርቆሮ ኩባያ ጉልበቶቼ መሀል ይዤ፣ ከንፈሬ ላይ የቀረውን ስብ በእጄ ጀርባ ጠርጌ፣ መሬት መሬት አያለሁ። የአራት ዓመቱ ወንድሜ ጀይሉ ጎኔ ቁጭ ብሎ የእኔን ገንፎ ከሳህኑ ላይ በጣቱ ይጠርጋል።

ዝም ስል ሙሀመድኑር ጥያቄውን በኦሮምኛ ደገመልኝ። አማርኛው ያልገባኝ መስሎት ነው። ሁለቱም ገብቶኝ ነበር። መልሱም በሆዴ ነበረ። መልሱን ብተነፍሰው ግን ከነገ ጀምሮ ጀይሉን በግድ ሾርባውን ሊያጠጡት ነው።

«ራበኝ በያት» አለኝ ሙሀመድኑር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ራበኝ ካልሽ ይገባታል። ማን ይቆጣሻል?»

አልራበኝም ነበር። ሾርባውን የምጠጣው እያቅለሸለሸኝ ነው።

ጊዜው 1977 ዓ.ም. ነው፤ ያ ረሀብ። ከከሚሴ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቦርከና ወንዝ አጠገብ፣ የሚሲዮን ሰዎች ድንኳን ተክለው እናት አባት የሞቱባቸውን ልጆች ይሰበስቡ ነበር። ሰዉ ቦታውን «ሸራው» ይለው ነበር፤ እኛም የሸራው ልጆች ተባልን። ፈረንጆቹ ከቤተ ክርስቲያናቸው ተልከው፣ ያለ ደመወዝ፣ ለጥቂት ወራት ልጆችን ሊያገለግሉ የመጡ ናቸው። በፈቃዳቸው ነው የመጡት ሲባል ሰምቼ ብዙ ተደንቄአለሁ። ሰው በፈቃዱ እዚህ ይመጣል? እኛ እንኳ የመጣነው ሌላ መሄጃ አጥተን ነው።

ጠያቂዋ ፈረንጅ ስሟ ካሪን ነው። አፋችን አልያዘውምና የሸራው ሠራተኞች ከሪማ አሏት። እሷም ከሪማ ሲሏት አቤት ማለት ለመደች። ረጅም፣ ቀይ፣ ፀሐይ አፍንጫዋን የላጣት ልጅ ናት። አንገቷ ላይ ትንሽ የእንጨት መስቀል አለ፤ ጎንበስ ስትል ከሸሚዟ ወጥቶ ፊታችን ላይ ይወዛወዛል። ያን መስቀል ስፈራው ለጉድ ነበር። ሙሀመድኑር ደግሞ የከሚሴ ሰው ነው፤ ድሬሰር ነበር፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ለፈረንጆቹም ያስተረጉማል።

ሸራው ከመግባታችን በፊት ያለውን ልናገር። አገራችን አርጡማ ነው፣ ከዳገቱ ላይ። አባቴ አደም በታኅሣሥ ሞተ። እናቴ ዓዲላ ጀይሉን አዝላ፣ እኔን በእጇ ይዛ፣ ከጎረቤታችን ከዘሊካ ጋር ወደ ጨፋ ወረደች። ጨፋ በደህናው ዘመን ማሽላው ሰው ይውጥ ነበር ይላሉ፤ እኔ ያየሁት ግን የደረቀ አገዳና የከብት አጥንት ነው። መኪና መንገዱ ዳር ስንደርስ ከአንድ የጭነት መኪና ላይ ሰዎች ጣሳ ሲያድሉ አገኘን። ዘሊካ ተጋፍታ ሁለት ይዛ መጣች። ጣሳው ላይ የላም ራስ ተሥሏል።

«ዓዲላ፣ በይ ቅመሺ፣ በረቢ! የልጁ ዓይን እኮ ገባ።»

«ማን እንዳረደው ሳላውቅ? ቢስሚላህ ይባልበት አይባልበት ሳላውቅ?» አለች እናቴ።

«አንቺ ቢላዋውን ነው የምትጠይቂው ወይስ ልጁን ነው የምታዪው?»

«ኧረ ተይኝ ዘሊካ። አደም ከሞተ ወዲህ የቀረኝ ዲኔ ብቻ ነው። ለልጆቼ ሐራም አጉርሼ ነገ አላህ ፊት ምን ብዬ ልቁም?»

ዘሊካ ጣሳውን በድንጋይ እየቀጠቀጠች፣ «አላህ አንቺን ከመጠየቁ በፊት ዝናቡን የት እንዳደረገው ይጠየቅልኝ» አለች፤ ወዲያው ደንግጣ «አስተግፊሩላህ» አለችና አፏን ያዘች። እናቴ ሳቀች። ከዚያ በኋላ እናቴ ስትስቅ አላየሁም። እኔ ጄሪካን ይዤ ውኃ ልቀዳ ወረድኩ።

ሸራው ደጅ በደረስን በአራተኛው ቀን እናቴ እዚያው ሞተች። ዘሊካ ከሚሴ ከተማ ውስጥ የባሏን ዘመዶች ፍለጋ ሄዳ ነበርና አልነበረችም። እናቴ እጄን ይዛ «ጀይሉን አደራ» አለችኝ። አደራው ምን ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔ ግን የማውቅ መሰለኝ። አፉን ልጠብቅለት ነው። እሷ የከለከለችው ወደ አፉ እንዳይገባ፣ ንጹሕ ሆኖ እሷና አባቴ ያሉበት እንዲደርስ።

በማግሥቱ ወደ ውስጥ አስገብተውን ክንዳችንን በወረቀት ሜትር ለክተው እጃችን ላይ ክር አሰሩልን። ነጭ ክር ደህና ነው፤ ሰማያዊ መካከለኛ፤ ቀይ ክር በጣም የከሳ። የእኔ ነጭ፣ የጀይሉ ቀይ ሆነ። ጠዋትና ማታ ለሁሉም የፋፋ ገንፎ አለ። ቀይ ክር ያሰረ ግን ቀትር ላይ የፍየል ሥጋ ሾርባ ይጨመርለታል፤ በሾርባው ውስጥ የደቀቀ ሥጋ አለ። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ያለው ልጅ ታላቁ አጠገቡ ተቀምጦ እንዲያጎርሰው ይፈቀዳል።

የመጀመሪያ ቀን ሾርባው ትኩስ ነበር። ጀይሉን እንዳያቃጥለው ቀመስኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ዋጥኩ። ይጣፍጣል። አራተኛውን ወደ ጀይሉ አፍ ሳስጠጋ ሰዓዲያ እጄን ያዘችኝ። ሰዓዲያ የሰንበቴ ከተማ ልጅ ናት፤ አሥር ዓመቷ ነው፤ ከእኛ በፊት ስለገባች ሁሉን ታውቃለች።

«እሱን ታበዪዋለሽ? የክርስቲያን ሥጋ እኮ ነው!»

«ማን አለሽ?»

«ዓይኔ ነዋ! ሳያወጡ ድስቱን ከበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲደግሙበት አላየሽም? ያንን የሚያደርጉት ለምን ይመስልሻል?»

አይቻለሁ። ፈረንጆቹ ቀትር ላይ ድስቱ ዙሪያ ቆመው አንገታቸውን ደፍተው በቋንቋቸው የሆነ ነገር ይላሉ። ምግቡ የእነሱ እንዲሆን የሚያደርገው ያ ነው ብዬ ወዲያው አመንኩ። ዛሬ ሳስበው ምስጋና ነው የሚያቀርቡት፤ እኛ ቢስሚላህ እንደምንለው።

«የበላውስ ምን ይሆናል?» አልኳት።

«ያው ክርስቲያን ይሆናላ። ሲሞት እነሱ ጋ ነው የሚወስዱት። እናት አባቱን አያገኝም።»

ሰዓዲያ ሰማያዊ ክር ነበር ያሰረችው። ለሰማያዊ ሾርባ የለም። አሁን ሦስት ልጆች ካሳደግሁ በኋላ ነው ሾርባው አምሯት ይሆናል ብዬ ያሰብኩት። ያኔ ግን ያወጣችብኝ ፍርድ ነበር። ሦስት ጊዜ ውጫለሁ። እኔ አልቆልኛል። ጀይሉ ግን ገና አልነካም።

ሾርባውን መድፋት አይቻልም። የሾርባው ሰዓት ሲያልቅ ሠራተኞቹ «ኩባያ ራስ ላይ!» ብለው ይጮሃሉ፤ ኩባያ የያዝን ሁሉ ገልብጠን አናታችን ላይ እንደፋለን። የተንጠባጠበበት ልጅ አልጨረሰም ማለት ነው። ልጆቹ ይህን እንደ ጨዋታ ይወዱት ነበር፤ ሾርባ አናቱ ላይ የፈሰሰበት ሲኖር ሸራው በሳቅ ይሞላል። ስለዚህ አንድ መንገድ ብቻ ቀረ። ጠዋት ከገንፎዬ አብዛኛውን በሳህኔ ክዳን ሸፍኜ አስቀርና ቀትር ላይ ለጀይሉ እሰጠዋለሁ። የእሱን ሾርባ እኔ እጠጣለሁ። እኔ ከጠፋሁ ወዲያ ሦስት ጉንጭም ሆነ ሦስት መቶ ምን ልዩነት አለው?

ጀይሉ መጀመሪያ አለቀሰ። «ሥጋ፣ ዘይና፣ ሥጋ!» ይለኛል።

«መራራ ነው።»

«አንቺስ ትጠጪ የለም?»

«እኔ ትልቅ ነኝ። ትልቅ ሰው መራራ ይችላል።»

አመነኝ። እኔ ያልኩትን ሁሉ ያምን ነበር። ከሳምንት በኋላ ሾርባው ሲመጣ ራሱ ፊቱን አዙሮ «መራራ» ይል ጀመር።

ልጆቼ ምግብ ላይ የማፈጥባቸው ለምን እንደሆነ አያውቁም። ትልቋ ሀዲጃ፣ «እማ፣ ጉሮሮዬ ውስጥ ገብተሽ እይው እስቲ፣ ውጬዋለሁ!» ትለኛለች። ታናናሾቿ ይስቃሉ። እኔም ለመሳቅ እሞክራለሁ፤ ዓይኔ ግን ከሳህናቸው አይነሳም።

በሸራው ማክሰኞና ዓርብ ጎሕ ሲቀድ የሚመጣ አንድ ሰው ነበር። ነጭ ኮፍያ አድርጓል፤ ብብቱ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። በርሜሉ ጋ እጁን እስከ ክንዱ ታጥቦ ከእህል መጋዘኑ ጀርባ ይሄዳል። ከመጋዘኑ ጀርባ የሞቱ ልጆች እስኪቀበሩ የሚጋደሙበት ድንኳንም ነበር። ሰዓዲያ፣ «ሬሳ አጣቢው ነው» አለችን። ሲመጣ እንሸሻለን።

«አብሽሩ ልጆች! ምን ያስሮጣችኋል? እኔ እናንተን አልበላ!» ይለናል እየሳቀ።

አንድ ዓርብ ጀይሉ መሮጥ አቃተው። ሰውየው ደርሶ ጎንበስ አለና ጉንጩን በሁለት ጣቱ ያዘው። ፈገግታው ጠፋ። «ያ ረቢ! ይህ ልጅ ምንም አልያዘም እኮ። እኔ የምደክመው ለእንዲህ ዓይነቱ ነበር» አለ፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላወቅሁም። ለእንዲህ ዓይነቱ የምደክመው ሲል የጀይሉን ሞት እየጠበቀ መሰለኝ። ወንድሜን ከእጁ መንጭቄ አዝዬው ሮጥኩ። ያን ቀን ሌላም ነገር አየሁ። ሙሀመድኑር ከሾርባው ድስት ጥግ ቆሞ በጭልፋ ቀዳና ጠጣ። እጁን ለሰላት ሲታጠብ ያየሁት ሰው ነው። እሱም አልቆለታል አልኩ በልቤ። ከእንግዲህ ምንም ቢለኝ አልሰማውም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንመዘናለን። ትንንሾቹን እግር ባለው ጨርቅ ውስጥ አስገብተው ከሚዛኑ ላይ ያንጠለጥሏቸዋል፤ ሸራው በለቅሶ ይናወጣል። ከሪማ ቁጥሩን ካርድ ላይ ትጽፋለች። ካርዱ ላይ ቀይ መስመር አለ። የእኔ ነጥብ በየሳምንቱ ወደ ላይ ወጣ። ጉንጬ ሞላ፤ ሠራተኞቹ «ዘይና ሙሽራ ሆነች» ይሉኝ ጀመር። የጀይሉ ነጥብ ከመስመሩ ሥር ቆሞ ቀረ። ለትል መድኃኒት ሰጡት። ደሙን ወሰዱ። ከሪማና ሙሀመድኑር ካርዱን ይዘው ቆመው ሲነጋገሩ እሰማለሁ፤ ፈረንጅኛው አይገባኝም፤ አንዴ ብቻ ሙሀመድኑር በአማርኛ፣ «ታዲያ ምግቡ የት ነው የሚገባው?» ሲል ሰማሁ። እሱ ገባኝ።

በሚቀጥለው ሰኞ አንዲት ሠራተኛ ከኋላችን ቆማ ስንለዋወጥ አየችን። ከሪማን ጠራቻት። ያ ጥያቄ የተጠየቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሙሀመድኑር እስክሪብቶውን አውጥቶ ካርዴ ላይ አንድ መስመር ጻፈ። ከሪማ አልተቆጣችም። ፀጉሬን ዳሰሰችኝና ጀይሉን ብድግ አድርጋ ወደ ፈረንጆቹ ድንኳን ይዛው ገባች። ጀይሉ በትከሻዋ ላይ ሆኖ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

ካርዱን ዘሊካ ስትረከበኝ አብሮ ተሰጥቷት ከሌሎች ወረቀቶቿ ጋር በሣጥን አስቀምጣው ኖራለች፤ ስትሞት ለእኔ ደረሰኝ። ማንም እንዲያነብልኝ አልፈለግሁም። የጀይሉ አድራሻ ያለበት እየመሰለኝ፣ ራሴ ሳነበው ነው የማገኘው እል ነበር። በአርባ ሦስት ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ከልጆቼ እኩዮች ጋር እየተሳሳቅሁ ፊደል ለየሁ። ማንበብ እንደቻልኩ ከመጽሐፍ በፊት ያወጣሁት ያንን ካርድ ነው። ቀለሙ ደብዝዟል። ጣቴን እያስከተልኩ አንድ በአንድ አነበብኩት። «የወንድሟን ምግብ ትበላለች። ለይታችሁ አብሉ።» ከዚያ በታች ኪሎዎች አሉ። ሌላ ምንም የለም። ልጆቼ ከጓሮ ሲገቡ ካርዱን ቀሚሴ ውስጥ ደበቅሁት።

ሸራው ውስጥ ለይተው ማብላት ከጀመሩ በኋላ ቀትር በመጣ ቁጥር ከፈረንጆቹ ድንኳን የጀይሉ ጩኸት ይሰማኛል። ከሪማ በራሷ እጅ ታጎርሰዋለች። እሱ ጥርሱን ይገጥማል። «መራራ! ዘይና መራራ ነው ብላለች!» ይላል። ሙሀመድኑር ሲስቅ እሰማለሁ፤ «ወላሂ ማር ነው፣ ጀይሉ፤ እኔን እየኝ፣ ይኸው ጠጣሁ» ይለዋል። ይተፋዋል። እኔ ውጭ፣ ከሸራው ገመድ ሥር ተቀምጬ፣ በልቤ «ጎበዝ» እለዋለሁ። ጎበዝ፣ ጀይሉ። ትንሽ ቻል።



ሰኔ ገባ። ከወረዳ አንድ ካድሬ መጥቶ ከፈረንጆቹ ጋር ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ክረምቱ ሳይጠና ሸራው ይነሳል አሉ። ፈረንጆቹም ጊዜያቸው አልቋል። እኛ ልጆች ከንግግሩ የያዝነው ሁለት ነገር ነው። መስመሩን ያለፈ ልጅ ዘመድ ከመጣለት ለዘመዱ ይሰጣል። መስመሩን ያላለፈ ልጅ ዘመድ ቢመጣለትም አይለቀቅም፤ በመኪና አዲስ አበባ፣ ሚሲዮኑ ወዳለው የሕፃናት ቤት ይሄዳል፤ ሐኪም ያየዋል። ለልጁ ብለው ያወጡት ደንብ ነው። የከሳ ልጅ በክረምት ጭቃ ውስጥ ቢለቁት ይሞታል።

ዘሊካ መጣችልን። ከሚሴ ውስጥ ከባሏ እኅት ጋር ማደሪያ አግኝታለች። እንዳየችን መሬት ቁጭ ብላ አለቀሰች። «የዓዲላን ልጆች ልውሰድ፤ ሁለቱንም» አለች። «ያለኝን እያካፈልኩ አሳድጋቸዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

እኔ ሚዛኑ ላይ ተንጠለጠልኩ። አለፍኩ። ጀይሉን በጨርቁ አንጠለጠሉት። ሙሀመድኑር ወደ ቁጥሩ ጠጋ ብሎ አየ፤ አውርዶ እንደገና ሰቀለው። ከሪማም መጥታ አየች። ዘሊካ፣ «ልብሱን አልብሳችሁ መዝኑት እንጂ! ልብስም ኪሎ ነው!» አለች። ሠራተኞቹ ሳቁ፤ እሷ ግን የምሯን ነበር። ጋቢዋን አውልቃ ጀይሉን ጠቀለለችው። ሙሀመድኑር ጋቢውን ቀስ አድርጎ አነሳና መለሰላት።

«እቴ ዘሊካ፣ ጥቂት ነው የቀረው። አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሐኪም ይየው፤ ሲያገግም ትጠይቂያለሽ።»

«የት ብዬ ነው የምጠይቀው? አዲስ አበባን በየት በኩል ነው የማውቃት?»

ከሪማ የሆነ ነገር አለች። ሙሀመድኑር፣ «ራሴ አቅፌው እሄዳለሁ ትላለች» አለ።

ከዚያ የሆነውን ከመናገሬ በፊት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ያወቅሁትን መናገር አለብኝ። ካገባሁ በኋላ ነው፤ ከሚሴ ገበያ ጥግ ካለ ሥጋ ቤት ግማሽ ኪሎ ልገዛ ቆሜ ነበር። ባለ ሥጋ ቤቱ አብዶ ይባላል፤ ፂሙ ነጭ ሆኗል። አተኩሮ አየኝ።

«አንቺ የሸራው ልጅ አይደለሽም? ወንድሟን አዝላ እንደ ጥንቸል የምትሮጠዋ?»

ነኝ አልኩት።

«እናንተ እኮ በእኔ እጅ ነው ያደጋችሁት! ማክሰኞና ዓርብ ሦስት ሦስት ፍየል አርድላችሁ ነበር። ያቺ ፈረንጅ፣ አላህ ይስጣት፣ ገና የመጀመሪያ ሳምንት ሽማግሌዎቹ ልጆቻችን የክርስቲያን ሥጋ አይበሉም ሲሏት፣ ‹ታዲያ የሚያርድላችሁን ሰው ንገሩኝ› አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ቢላዋ በቀር የነካው የለም። ልጆቹ ደም እንዳያዩ ብላ ነው ከመጋዘኑ ኋላ የምታሳርደኝ። ቢስሚላህ ብዬ፣ ወደ ቂብላ አዙሬ...»

ሌላም ተናገረ። እኔ ሥጋውን በላስቲክ ይዤ ቆሜአለሁ። ይህን ሁሉ ለሽማግሌዎቹ ነግረዋል፤ ለሠራተኞቹ ነግረዋል። ለልጅ ግን ማን ያስረዳል? ልጅ የቀረበለትን መብላት ነው እንጂ።

ለዘሊካ ሄጄ ነገርኳት። ሾርባውን፣ ገንፎውን፣ እናቴ መንገድ ላይ ያለችውን፣ ሁሉንም። ሰው ሰምቶኝ አያውቅም ነበር። ዘሊካ፣ «እናትሽ እኮ አበላችው» አለችኝ። «አንቺ ውኃ ልትቀጂ የወረድሽ ጊዜ። ጣሳውን ከእጄ ተቀበለችኝ፤ በጣቷ እያላመች አጎረሰችው። ‹ረሀብ ላይ ያለን ሰው አላህ ይቅር ይላል› አለች። ‹ለዘይና አትንገሪብኝ፤ ስትመለስ እኔው ነግሬ ለሷም እሰጣታለሁ› አለች። አንቺ ስትመለሺ ጣሳው አልቆ ነበር።»

ጀይሉን ከሄደ ወዲህ ፈለግነው። ዘሊካ ሙሀመድኑርን እያስጻፈች ሁለት ደብዳቤ ላከች። መልስ አልመጣም። በኋላ የሕፃናት ቤቱ ተዘግቷል አሉን፤ ልጆቹ ከፊሎቹ ሞተዋል፣ ከፊሎቹ አዲስ አበባ አድገዋል፣ ከፊሎቹን ባሕር ማዶ ወስደዋቸዋል አሉ። ጀይሉ ከየትኞቹ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላገኘንም። ልጆቼ እንቢ ሲሉኝ እቆጣለሁ፤ እንቢ ብሎኝ በሆነ ብዬ አላህን የምለምንለት ልጅ እሱ አንድ ብቻ ነው። ምክንያቱም መኪናው የመጣ ቀን የነገርኩትን አውቃለሁ።

ጠዋት ነበር፤ ሲያካፋ አድሮ መሬቱ ጨቅይቷል። የጭነት መኪናው ላይ ፍራሽ ዘርግተዋል። ልጆቹን አንድ በአንድ እየተቀባበሉ ያወጧቸዋል። ጀይሉ አዲስ ቀይ ሹራብ ለብሷል፤ እጅጌው ረዝሞ እጁን ውጦታል። ከሪማ አቅፋው ተቀምጣለች። ዘሊካ የመኪናውን ጎን ይዛ፣ «ኮቱ ልጄ፣ ና ሳመኝ፣ ኮቱ» ትለዋለች። እኔ በጎማው ላይ ተንጠላጥዬ ወጣሁና ፊቴን ወደ ጆሮው አስጠጋሁ። የከሪማ መስቀል ግንባሬን ነካኝ። አልሸሸሁም።

«ጀይሉ፣ ስማኝ። ሥጋ ቢሰጡህ እንዳትበላ። የትም ቢወስዱህ። እሺ?»

«መራራ ነው» አለኝ።

«አዎ። እሺ በለኝ።»

«እሺ።»

«በእማ ሞት?»

«በእማ ሞት» አለ፤ ረጅሙን እጅጌ አንስቶ አፉን ሸፈነልኝ፤ እንዴት እንደሚዘጋው ሊያሳየኝ።

ከሪማ ምን እንደተባባልን አልገባትም። የምንሰነባበት መስሏት ዓይኗን ጠረገች። ሙሀመድኑር ከወገቤ ይዞ አወረደኝ። መኪናው በጭቃው ውስጥ አንዴ ተንሸራተተ፤ ከዚያ አስፋልቱን ያዘና በሰንበቴ በኩል፣ ወደ አዲስ አበባ ዞረ።

አሥራ አራት ልጆች በዚያ መኪና ሄዱ። ከሪማ ሄደች፤ አልተመለሰችም። ሰዓዲያን አጎቷ በዚያው ሳምንት መጥቶ ወሰዳት። አብዶ፣ ሙሀመድኑርና ዘሊካ ከሚሴ ቀሩ። ጀይሉ ሄደ። እኔ ቀረሁ።